ሁለት ጣት ለስፌት

የሰፈሩ ሰው እትዬ መርፌ ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ማንም ይሁን ግን አልተሳሳተም። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ ከተናገረችም ትወጋለች። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ከልጅነቷ ጀምራ የሰው ወገብና የሰው ትከሻ ስትለካ ስለኖረች፣ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ስትል እንኳ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን የኮቱ ትከሻ ላይ ነው። «ማነው ይሄን የሰፋልህ?» ብላ ከጠየቀች ሰፊው ወዮለት።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ነበር ያሰኘው፣ ደህና ተኝቶ ያደረ ሰው አንድ ጠዋት ቢነሳ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ማለቱ ነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ምላሱ ተመለሰ፣ እጁም ቀስ እያለ ተመለሰ፣ እግሩ ግን እምቢ አለ። «ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ነው የተነፈሰው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ከቤት ነው የሚውለው፤ ያውም በጓሮ በኩል ባለው ክፍል። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ብቻ ነው። ሾፌሩ ግን መንገዱን በጆሮው ያየዋል። ከቤቱ ወዲያ አውቶቡስ ሲያልፍ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና፣ «የዚችኛዋ ፍሪሲዮን አልቆላታል፤ የሚነዳት ልጅ ደግሞ እግሩን ከፔዳሉ አያነሳላትም» ብሎ ለግድግዳው ይነግረዋል።

ለግድግዳው የሚነግረው ሌላ የሚሰማው ስለሌለ ነው። ልጆቻቸው አግብተው ሩቅ ናቸው። እትዬ መርፌ ደግሞ የምትሠራው ገበያው አጠገብ በተከራየችው ሱቅ ውስጥ ነው። ጠዋት ምሳውን በምሳ ዕቃ፣ ሻዩን በፔርሙዝ አድርጋ አጠገቡ ታስቀምጥና ትወጣለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው።

ነገሩን ያባሰው ያ ምሳ ዕቃ ነው። ማታ ስትገባ እንደተከደነ ታገኘው ጀመር።

«ምነው ሾፌሬ፣ አልጣመህም?»

«ጥሞኛል።»

«ሳትቀምሰው?»

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም? እኔ ደግሞ ገና አላሰብኩም።»

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሰውየው ግን እየከሳ ሄደ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ስንቱን ሱሪ ስታጠብ የኖረችው ሴት አሁን የባሏን ሱሪ አጠበበች። ትንሽ ቆይታ ደግማ አጠበበችው። ከውስጥ የተረፈውን ጨርቅ ግን አልቆረጠችውም፤ አጣጥፋ አስተኛችው።

«ምን ይሠራልሻል? ቁረጪውና ይቅለለኝ። ወገቤ ላይ ትራስ አሰርሽብኝ እኮ።»

«አይቆረጥም።»

«ለምን?»

«አይቆረጥም አልኩህ!»

ይህ የሙያዋ ሕግ ነው። ጨርቅ ሲቆረጥ ከልኩ ላይ በቀኝም በግራም ሁለት ሁለት ጣት ለስፌት ይጨመርበታል። ያ ትርፍ ጨርቅ ከውጭ አይታይም፤ ከውስጥ ተኝቶ ባለቤቱ የሚወፍርበትን ቀን ይጠብቃል። ለጨርቅ የሚሰስቱ ሰፊዎች አንድ ጣት ያደርጉታል። እትዬ መርፌ እንዲህ ያለውን ሰፊ ሰላም አትልም።

ሱሪውን ለሁለተኛ ጊዜ ያጠበበች ዕለት ሐሳቧን ቆረጠች። «ሱቁን ወደ ቤት አመጣዋለሁ» አለች። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ በኩል፣ አበባ ይተከልበታል ሲባል ኖሮ አረም የወረሰው ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ አንድ ክፍል ይሠራል፤ በአንድ ጥግ የስፌት መኪናዋ፣ መሃል ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ፣ በመንገዱ በኩል ትልቅ መስኮት፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ እሱ። ምሳ አብረው ይበላሉ። የፈለገችው ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ክፍል ግን በምኞት አይቆምም፤ ፈቃድ ይፈልጋል።

እናም ማዘጋጃ ቤት ሄደች። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥበት ክፍል በር ላይ ያለውን አግዳሚ የማያውቅ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ሁሉም ጥቅል ወረቀት ታቅፎ ተቀምጧል፤ ቤት የሚሠራ ሳይሆን ሕፃን የሚያስከትብ ነው የሚመስለው። ከፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ የሸሚዙ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። አላስችላት አለ። ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች፣ «ቀጥ በል» አለችው፣ እዚያው ሰፋችለት። ሰውዬው አመስግኖ ወረፋውን ሰጣት። ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ፤ አንዱ ደግሞ የራሱን ቁልፍ ይዳስስ ጀመር።

መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያስፈልገውን ነገራት። የይዞታ ወረቀት፣ በባለሙያ የተሠራ ንድፍ፣ ከዚያ ቦታውን መጥቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ። «ግድግዳው የጎረቤት ድንበር ድረስ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ስምምነት በፊርማ ያስፈልጋል። ካልተስማሙ ከድንበሩ ፈቀቅ ብለው ነው የሚሠሩት» አላት።

«ፈቀቅ ካልኩማ ክፍሉ ኮሪደር ይሆናል። የባሌ ወንበር አይዞርበትም።»

«እንግዲያው ጎረቤትዎን ያስፈርሙ።»

ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ዱቄት ይለዋል። ደግ ሰው ነው፤ ድንበር እስኪነሳ ድረስ። በወዲያኛው በኩል ያለው ጎረቤቱ አጥሩን ባደሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየገፋ ግቢውን ቆርሶበት ያውቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ አጥር አጠገብ ሰው ቆሞ ካየ ሊጡን ጥሎ ይወጣል። ሆኖም እትዬ መርፌ ስትለምነው እሺ አለ። «ለሾፌሩ ከሆነ እፈርማለሁ፤ ግን ተቆጣጣሪው ለክቶ ሲያሳየኝ ነው» አላት። ልክ ነበር።

ንድፍ ሠሪው ደግሞ፣ «ሰው ልላክና ቦታው ይለካልዎት» ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

«ለእኔ? ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ ኖሬ የገዛ ግቢዬን የሚለካልኝ ሰው ይላክልኝ?»

ንድፍ ሠሪው ብዙ አልተከራከረም፤ እሷን የሚከራከር ማን አለ። ጠዋት ሱቅ ከመሄዷ በፊት፣ አንድ እግሯ ከበር ውጭ ሆኖ፣ የጨርቅ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አወረደች፣ ጠመኔዋን ያዘች፣ ጎንበስ ብላ በጥድፊያ ሦስት ጊዜ ለካች፤ ልኩንም ወስዳ ሰጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ለደንበኞቿ በየቀኑ ትተርታለች። ለራሷ የሚተርትላት ሰው አልነበረም።

ተቆጣጣሪዋ የመጣች ቀን እትዬ መርፌ ባሏን ላጨችው፣ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችው፣ ወንበሩን እየገፋች ደጃፉ ላይ አወጣችው። ጋሽ ዱቄትም ጉዳዩ የመንግሥት ነው ብሎ ኮቱን ለብሶ፣ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ መጣ። ኮቱን የሰፋችለት እሷው ናት።

ተቆጣጣሪዋ ወጣት ናት፤ ቢጫ ሄልሜት አድርጋለች፣ ጫማዋ ሲሚንቶ ለብሷል። የብረት ሜትሯን ከቤቱ ጥግ እስከ ድንበሩ ዘረጋችው። ወረቀቱን አየች። ደግማ ዘረጋችው።

«እናቴ፣ ይሄ ንድፍ ከግቢዎ ይበልጣል» አለች።

«እንዴት አድርጎ ይበልጣል?»

«ግድግዳው የሚያርፈው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ከስንዝር በላይ ገብቷል።»

ጋሽ ዱቄት አውጥቶት የነበረውን እስክሪብቶ ኪሱ መለሰው። ፊቱ እንደ ምድጃው ቀላ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!» አለ። «ፈርምልኝ ብለሽ ስትለምኚኝ፣ ለካስ የምታስፈርሚኝ መሬቴን ኖሯል!»

«እኔ? እኔ የሰው መሬት? የሰው ክር እንኳ ወስጄ አላውቅም!»

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ! ልብስ ሰፊ ጨርቅ ያስቀራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ መሬት ማስቀረት ግን ካንቺ አየሁ።»

እትዬ መርፌ በሙያዋ ተሰድባ አታውቅም። የባሰባት ግን ስድቡ አልነበረም። ጋሽ ዱቄት ካልፈረመ ክፍሉ ኮሪደር ነው። ክፍሉ ኮሪደር ከሆነ ሾፌሯ ተመልሶ ጓሮ ሊገባ፣ ከግድግዳው ጋር ሲያወራ ሊውል፣ ምሳ ዕቃውም እንደተከደነ ሊጠብቃት ነው። ዘወር ብላ አየችው። ለዚህ ቀን የተላጨው ፊቱ ከመላጨቱ የተነሳ ይበልጥ የከሳ መሰላት።

«ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ጭቅጭቅ የለመደች ናት መሰለኝ፣ አልተቆጣችም። «እስኪ እኔ እያየሁ ይለኩት፣ እናቴ» አለቻት።

እትዬ መርፌ የጨርቅ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ጎንበስ አለች፣ ከቤቱ ጥግ ጀምራ መሬቱ ላይ ዘረጋችው፣ ሜትሩ ያለቀበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከዚያ ሜትሩን አንሥታ ቀጣዩን ለመጀመር ወደ ምልክቱ ሄደች። ምልክቱ ላይ ግን አልጀመረችም። ጣቶቿ ሳትጠራቸው መጡ፤ ሁለት ጣት ለዚህኛው፣ ሁለት ጣት ለዚያኛው፣ ከምልክቱ ወደ ኋላ መለስ ብላ ሜትሯን አስቀመጠች። ዘረጋች፣ ምልክት አደረገች፣ እንደገና መለስ አለች። ዓይኗ እንባ ስላቀረረ እጇ ብቻውን ነበር የሚሠራው።

ደጃፉ ላይ እህ እህ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ ነው። ወንበሩን ይዞ ይንቀጠቀጣል። እትዬ መርፌ ያመመው መስሏት ሜትሯን ጥላ ሮጠች።

«ምን ሆንክ? ሾፌሬ፣ ምን ሆንክብኝ?»

ሳቅ ነው። ሰውየው እየሳቀ ነው። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

«አንቺ ሴትዮ» አላት ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «መሬቱን እኮ እየሰፋሽው ነው!»

«ምን?»

«ጣትሽን እዪው! ለስፌት ብለሽ ትተሽበታል። ሜትርሽን ባነሳሽ ቁጥር የኋላ ማርሽ ታስገቢያለሽ፤ የለካሽውን ደግመሽ ትለኪዋለሽ። ግቢውን በአራት ቁራጭ ገጣጥመሽ ካበቃሽ በኋላ ቢበልጥ ምን ይገርማል!»

እትዬ መርፌ ወደ ጠመኔው ምልክት አየች። ከዚያ ወደ ጣቶቿ አየች፤ እንደ ሌላ ሰው ጣት። ተቆጣጣሪዋ ሄልሜቷን አውልቃ በሱ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ዱቄት ብቻ አልሳቀም።

«ሦስት ጊዜ ለክተሽ ሦስት ጊዜ እንዲሁ?» አለ።

«ሦስት ሺህ ጊዜ ብለካውም እንዲሁ ነበር» አለች በሐፍረት። «መለካት ማለት ለእኔ ይሄ ነው።»

«ጋሽ ዱቄት» አለ ሾፌሩ፣ «እስኪ ኮትህን አውልቅ።»

«ደግሞ ኮቴንም ልትወስዱት ነው?»

«አውልቀውና ገልብጠው። የጎኑን ስፌት እይ።»

ጋሽ ዱቄት እያጉረመረመ አወለቀ፤ ገለበጠው። ከገበሩ ሥር፣ ከአሁኑ ስፌት አጠገብ፣ የድሮ ስፌት መስመር ታየው፤ የተፈታ፣ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ የቀረ። ከሱ ወዲያ ደግሞ ሌላ መስመር።

«ይሄ ኮት የተሰፋው ለልጅህ ሠርግ ነው» አለ ሾፌሩ። «ያን ጊዜ እንደ እኔ ቀጭን ነበርክ። ከዚያ ዳቦህን እየቀመስክ ወፈርክ፤ ኮቱም አብሮህ ወፈረ። ጨርቁን ከየት ያመጣችው ይመስልሃል?»

ጋሽ ዱቄት የተፈታውን ስፌት በዱቄታም አውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሁለት ጊዜ አስፍታለታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ኮት ከመግዛት ድኗል፣ አንድም ቀን ግን ጨርቁ ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። እትዬ መርፌ ሙያዋ አላስችል አላትና ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች፣ ስፌቱን በጥፍሯ ገለጥ አድርጋ አየች።

«አሁንም ትንሽ አለህ» አለችው። «ደግመህ ብትወፍር ይበቃሃል።»

ይሄኔ ጋሽ ዱቄት መሳቅ ጀመረ፤ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። «ለካስ ስትሰጪም ስትወስጂም በሁለት ጣት ነው!» አለ። እስክሪብቶውን አወጣ። ግን ሞኝ አይደለም፤ «መጀመሪያ ልጅቷ በብረቱ ሜትር ትለካልኝ» አለ። ተቆጣጣሪዋ ለካች፣ መስመሩን በጠመኔ አሰመረች፣ እሱም ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ አየው። ከዚያ የወንበሩን እጀታ ጠረጴዛ አድርጎ፣ ሾፌሩ ወረቀቱን ይዞለት፣ ፈረመ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ» አለ ኮቱን መልሶ ሲለብስ። «ያልኩትን እርሺልኝ፣ እትዬ።»

«የቱን?» አለችው። ይህ ከእሷ አፍ ሲወጣ ትልቅ ይቅርታ ነው።

ንድፉ ተስተካከለ። ክፍሉ ካሰበችው በስንዝር ጠበበ፤ ወንበሩ እንዲዞር ካስፈለገ አንድ ነገር መቀነስ ነበረበት። አናጢው መስኮቱን እናጥብበው አላት። «መስኮቱን አትንካው» አለችው። የምትወደውን፣ እናቷ ያወረሰቻትን የመቁረጫ ጠረጴዛ አስነሥታ ጠርዙን በመጋዝ አስቆረጠችው። መጋዙ ሲገባበት ዞር ብላ ቆመች፣ ሲያልቅ የተቆረጠበትን በእጇ ዳበሰችና «ደህና ነው፣ ይጣጣማል» አለች።

ፈቃዱ የወጣው ከሌላ አግዳሚና ከሌላ ወረፋ በኋላ ነው። ማኅተሙ ገና እርጥብ ሆኖ ይዛ ገባች። ሾፌሩ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሣው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው። «መንጃ ፈቃድ ሳወጣ እንኳ እንዲህ አልተለፋም» አለ። «ያም ሆኖ ፎቶ የለውም። ፊትሽ ቢኖርበት ያምር ነበር።» ግንባታ ባለበት ቦታ ፈቃዱ ሰው በሚያየው ላይ መሰቀል አለበት ስላሏት፣ ዝናብ እንዳያገኘው ፕላስቲክ አለበሰችው፤ የፕላስቲኩን ጠርዝ ደግሞ ዙሪያውን ቀምቅማ ሰፋችው። ግንበኞቹ እንዲህ ያለ ፈቃድ አይተን አናውቅም አሉ።

ክፍሉ ቆመ። ትንሽ ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናዋ ስትሽከረከር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ገበያው ውስጥ ያሉ ደንበኞቿ ሩቅ ነው እያሉ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ግን መጡ፤ እሷ የሰፋችውን የለበሰ ሌላ ዘንድ ሄዶ አይሆንለትም። ሾፌሩ አሁን አውቶቡሶቹን በዓይኑ ያያቸዋል። ፍሪሲዮን የሚያቃጥለውን ልጅ አንድ ቀን በመስኮት ጠርቶ ልክ ልኩን ነገረው፤ ልጁ አሁን በደረሰ ቁጥር ጡሩምባ እየነፋ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ዱቄት ትኩስ ዳቦ በመስኮቱ ያቀብላቸዋል፤ ሲያቀብልም «ሁለት ጣት ትርፍ አለው» ማለቱን አይተውም። ቀልዱ ከረመ፣ ግን ማንም አይሰለቸውም።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ መርፌ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቁን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጋ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ታቀርባለች። ምሳ ዕቃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል። ይበላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሰው ከገባም ሳይቀምስ አይወጣም። እሷ የምትጎርሰው ትንሽ ነው፤ የሚበዛውን ጊዜ እሱ ሲበላ ታያለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ስትሰፋ፣ ሾፌሩ ከመስኮቱ ሥር ተነጫነጨ።

«ሱሪው ጠበበኝ» አለ።

መኪናዋ ቆመች።

«ምን አልክ?»

«ሱሪው ነው። ወገቤን ያዘኝ። ምን አጉርሰሽኝ እንደሆነ እንጃ።»

ከመኪናዋ ተነሣች። ወደ ግድግዳው ዞራ ክር የምትፈልግ መሰለች፤ ክሩ ግን እጇ ላይ ነበር። እያለቀሰች ነበር፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ምላጯን አንሥታ መጣችና ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከች። የሱሪውን ወገብ ወደ ውጭ ገለበጠችው። ጨርቁ እንዳስተኛችው እዚያው ተኝቷል፤ የመጀመሪያው ስፌት ከሥር፣ ሁለተኛው ከላይ።

ምላጯን ክሩ ላይ ስታሳርፍ እጇን ያዛት።

«ሁሉንም እንዳትፈቺው» አላት። «ገና እወፍራለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችና የላይኛውን ስፌት ፈታች።